የዐቃቤ ሕጉ መዝገብና የተማሪው አኮፋዳ

«የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ ተማረ እንጂ መቼ ደመወዝ ጠየቀ?» የሚለው አነጋገር በጎጃም ምድር፣ ይልቁንም በቅኔ ጉባኤዋ ስሟ ከፍ ብሎ በሚጠራው በደብረ ኤልያስ፣ ስለ ተማሪ ችግር በተነሣ ቁጥር ሳይሰማ የማይቀር፣ ተናጋሪውን ከመመርመር ድካም የሚያሳርፍ፣ ሰሚውንም አፍ የሚያስይዝ ቃል ነው። በቅርቡም በአንድ የተዝካር ዳስ ውስጥ፣ የሕግ ተማሪ የሆነው የእኅቱ ልጅ ለተግባር ልምምድ ወደ ወረዳ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት የተላከበት አንድ ገበሬ «ልጁ ጧት ገብቶ ማታ ይወጣል፤ ሲወጣም ባዶ እጁን ነው፤ የቤት ኪራዩንም ስንቁንም የምችለው እኔ ነኝ፤ መንግሥት የሰውን ልጅ በነጻ ያሠራል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ይኸው ቃል ከአንድ አረጋዊ አፍ ወጥቶ እንደ ልማዱ ነገሩን ዘጋው።

እኔ ግን ነገሩ እንደ ተዘጋ አልቆጠርሁትም፤ ምክንያቱም ያ ቃል በሚገባ ቢተረጐም የሚመሰክረው ለአረጋዊው ሳይሆን ለገበሬው ነው። ገበሬውም ቢሆን እውነተኛውን ጥያቄ የያዘው በጫፉ ነው፤ እርሱ የጠየቀው ስለ ድካም ዋጋ ነበርና። የእኔ አሳብ እንዲህ ነው፤ ተማሪው ደመወዝ አይገባውም፣ የመጣው ሊማር ነውና፤ ሆኖም በዐቃቤ ሕግ ጠረጴዛ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ምሳውን ከማን እጅ እንደሚበላ ሳይመረምር የሚያስቀምጠው መንግሥት፣ ከተማሪው አብልጦ የሚበድለው መዝገባቸው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ተከሳሽና ተበዳይ ነው።

ጠባቂው በምን ይጠበቃል?

«ዐቀበ» በግእዝ ጠበቀ ማለት እንደ መሆኑ መጠን፣ ዐቃቤ ሕግም የሕግ ጠባቂ ነው እንጂ፣ ብዙ ሰው እንደሚመስለው ለማስቀጣት ብቻ የቆመ የመንግሥት ነገረ ፈጅ አይደለም። በአገራችን የፍርድን ነገር በሚኒስቴር መልክ ማደራጀት የተጀመረው ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾመው፣ አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎም በፍርድ ላይ በተሾሙ ጊዜ ሲሆን፣ ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ስለ ዐቃብያነ ሕግ የወጣው አዋጅ ደግሞ ለዚህ ሹመት የራሱን ሥፍራ ሰጠው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፖሊስ ያጣራው መዝገብ ከደረሰው ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ክሱን እንዲያዘጋጅ ዐቃቤ ሕጉን ያዘዋል፤ ማስረጃው የማይበቃ በሆነ ጊዜም አልከስም ብሎ እንዲተው ሥልጣን ይሰጠዋል። ይህች «አልከስም» የምትል ቃል የሹመቱ ክብር ሁሉ ያለባት ናት፤ ለመክሰስ ማንም ጉልበተኛ ይበቃልና።

እንግዲህ ተማሪው የሚቀርበው ወደዚህ ዐይነቱ መዝገብ ነው። በውስጡ የተጠርጣሪው ቃል አለ፤ የምስክሮቹ ስምና ቀበሌ አለ፤ የሐኪም ማስረጃ አለ፤ አንዳንድ ጊዜም አንዲት ልጅ ለእናቷ እንኳ ያልነገረችው ነገር በፖሊስ የእጅ ጽሕፈት ሰፍሮ ይገኛል። ከተማው ትንሽ ነው። የድንበር ጠብ ያለበት፣ በሬ የተሰረቀበት፣ ልጁ የታሰረበት ሁሉ ከተማሪው ጋር በአንድ ገበያ ይውላል፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳል፤ ተማሪውም በስድስት ሰዓት ከጽሕፈት ቤቱ ሲወጣ ኪሱ ባዶ መሆኑን የማያውቅ የለም። «ና እንጂ የኔ ልጅ፣ ምሳ ሳትበላ ወዴት ትሄዳለህ?» የሚለው ጥሪ እንግዳ መቀበል እንደ ጽድቅ በሚቆጠርበት አገር ከጉቦ የሚቆጥረው ማንም አይኖርም፤ ጠሪውም ምናልባት ከልቡ አዝኖለት ይሆናል። በማግሥቱ ግን ያው ደግ ሰው ወጡን ወደ ፊቱ እያቀረበለት «ለመሆኑ የእኛ መዝገብ ከምን ደረሰ?» ይለዋል፤ በሦስተኛው ቀን «ምስክር ተብሎ የተቆጠረውስ ማን ማን ነው?» ይለዋል። ያን ጊዜ ተማሪው ቢናገር ምስክር ያስደበድባል፤ ዝም ቢል የበላው እንጀራ ውለታ ቢስ ያደርገዋል። በሌላ መሥሪያ ቤት፣ በግብርናም ይሁን በገንዘብ ጽሕፈት ቤት፣ በነጻ የሚለማመድ ተማሪ ከእንዲህ ያለ ወጥመድ ፈጽሞ ነጻ ነው አልልም፤ ነገር ግን በዚያ የሚጠፋው ገንዘብ ነው፤ በዚህ የሚጠፋው የሰው ነጻነት ወይም የሰው ደም ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ገበሬው ሳያውቀው የነገረን አንድ ነገር አለ። የእኅቱ ልጅ ከአገሩ ሁሉ መርጦ ወደዚያ ወረዳ የመጣው ስለ ምንድር ነው? አጎት ስላለው ነው። አበል የሌለው ተማሪ ለልምምድ የሚመርጠው የሚያስጠጋው ዘመድ ያለበትን አገር እንደ ሆነ ማንም ያውቃል፤ ዘመድ ያለበት አገር ደግሞ የመዝገቡ ባለቤቶች ዘመዶቹ የሆኑበት አገር ነው። ዳኛ ከተከራካሪው ጋር የሥጋ ዝምድና ቢኖረው ከችሎት እንዲነሣ ሕግ ያስገድደዋል፤ የእኛ ተማሪ ግን ድኅነቱ ራሱ እየጎተተ በዘመዶቹ መዝገብ መካከል ያስቀምጠዋል፤ ይህንንም ነውር ነው የሚል አልተገኘም።

ተሜ በባዶ እጁ አልተማረም

አሁን ወደ አረጋዊው ቃል ልመለስ። ደብረ ኤልያስ ተራ የትምህርት ቦታ አይደለችም፤ የአብዮቱ ዘመን ሰማዕት የሆኑት ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ የተወለዱባት፣ ባለ ቅኔውና የቴአትር ደራሲው ዮፍታሔ ንጉሤ የወጣባት፣ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ከመሻገራቸው በፊት ከተማሩባቸው አድባራት አንዷ ናት። እነዚህ ሁሉ የተማሩት ያለ ክፍያ ነው ቢባል ልክ ነው። ያለ ድጋፍ ነው ቢባል ግን ሐሰት ነው።

የቅኔ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በየደጁ ሲቆም የሚቀበለው ቁራሽ፣ ዛሬ እንደምናስበው የልመና ውርደት ሳይሆን፣ አጥቢያው ለትምህርት የሚያወጣው ግብር ነበር። መንደሩ ይህን ግብር የሚከፍለው በእንጀራ፣ በቆሎና በንፍሮ ሲሆን፣ ውሻውም አልፎ አልፎ የበኩሉን ይጨምር ነበር! ተዝካር ሲወጣ፣ ክርስትና ሲነሣ፣ የማኅበር ጽዋ ሲዞር ተማሪው የተጠራ ያህል ሄዶ ይቀመጣል፤ የሚያስነሣው የለም። ደብሩም በበኩሉ የሰሞን መሬት ስለ ነበረው፣ መምህሩ ከተማሪው እጅ ገንዘብ ሳይሻ ጉባኤውን ይዞ ይኖራል። መሬቱ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ከቤተ ክርስቲያን እጅ ቢወጣም፣ የሕዝቡ ቁራሽ ግን እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። አረጋዊው «መቼ ደመወዝ ጠየቀ?» ባሉበት በዚያው ዳስ ጥግ አምስት ስድስት የቅኔ ተማሪዎች ተቀምጠው ከተዝካሩ ይበሉ ነበር፤ የሕግ ተማሪው ግን በዚያ አልነበረም፤ ቢኖርም ሱሪና ሸሚዝ ለብሶ ከእነርሱ ጋር ለመቀመጥ ዐይነ አፋርነቱ አይፈቅድለትም። የቆሎ ተማሪ ልመናው ሥርዓት አለው፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ቢለምን ግን ልመናው ነውር ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ነገር ከእንጀራው የሚበልጥ ነው። የቅኔ ተማሪው ጧት ከየኔታ ምሥጢሩን ሰምቶ፣ ቀን በየጥሻው ብቻውን ቅኔ ሲቆጥር ውሎ፣ በነገራው ሰዓት የቈጠረውን ይዞ ይቀርባል፤ በመምህሩ ፊት፣ ወይም መምህሩ ባቆሙት አስነጋሪ ፊት፣ ቃሉን ይናገራል፤ ሲሳሳት ይታረማል፤ ቤቱ ሲጎድል ይነገረዋል፤ ጉባኤ ቃናው ሳይሰምርለት ወደ ዘአምላኪየ፣ ከዚያም አልፎ ወደ መወድስ አይሻገርም። ሳይሰማ የሚያድር ተማሪ የለም ማለት ነው። የቅኔ ቤት ለተማሪው የሚከፍለው ዋናው ክፍያ ይህ ጆሮ ነበር፤ ተሜ ለየኔታ እንጨት የሚለቅመው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ ስለዚህ ጆሮ ብሎ ነው።

በየጽሕፈት ቤቱ የሚላከው የሕግ ተማሪ ይህን ጆሮ ያገኛል ወይ? እኔ በወጣትነቴ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ለልምምድ ተልኬ፣ የመዝገብ ገጽ ስቈጥር፣ ካርቶን ስጠርዝ፣ ከምሳ በፊትም ለሹሙ ሻይ ሳመጣ ከርሜ፣ በመጨረሻው ቀን «በትጋት ተለማምዷል» የሚል ደብዳቤ ማኅተም ተመትቶበት ተሰጠኝ። ያንን ደብዳቤ እስከ ዛሬ ባነበብሁት ቍጥር የምጠይቀው፣ ምን ተለማምጄ ነው የሚለውን ነው። ከዚያ በኋላ የተላኩ ልጆች ደግሞ ከእኔ ይልቅ ዕድለኞች ሆነው ክስ ያረቅቃሉ፤ ግን ረቂቁ ተስተካክሎ ሲወጣ የተለወጠው ቃል ስለ ምን እንደ ተለወጠ የሚነግራቸው ዐቃቤ ሕግ ጊዜ የለውም፤ በእጁ ያለው የመዝገብ ክምር አይፈቅድለትም። እንግዲህ አባቶቻችን በነጻ ተምረዋል ብሎ የሚከራከር ሰው፣ ሁለቱን የቅኔ ቤት ምሰሶዎች፣ ቁራሹንና ነገራውን፣ አብሮ ካላቆመ፣ ከአባቶች ሥርዓት የወሰደው ርኃቡን ብቻ ነው።

የሁለቱ ወገኖች ክርክር

ከሚቃወሙኝ ወገኖች የመጀመሪያው፣ ተማሪው ምንም አይገባውም የሚለው፣ የያዘው ክርክር የሚናቅ አይደለም። ኤክስተርንሺፕ የሚባለው ይህ የተግባር ልምምድ በ1990ዎቹ መጨረሻ የሕግ ትምህርት ሲታደስ ወደ ሥርዓተ ትምህርቱ የገባ፣ ግሬድ የሚሰጥበት ኮርስ ነው፤ ተማሪ ክፍል ውስጥ ስለ ተቀመጠ እንደማይከፈለው ሁሉ፣ ትምህርቱ ከክፍል ወጥቶ ጽሕፈት ቤት ስለ ገባ ብቻ ክፍያ ሊጠየቅበት አይገባም ይላሉ። ሕጉም ይደግፋቸዋል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትምህርት ወይም ለሥልጠና የሚደረገውን ግንኙነት፣ ሙያ ለመልመድ ከሚደረግ ውል በቀር፣ ከወሰኑ ውጭ ያደርገዋል፤ ዐቃቤ ሕጉንም ራሱን በልዩ ሕግ ከሚተዳደሩት ጋር ቈጥሮ ያወጣዋል። በዚህ ሁሉ ከእነርሱ ጋር ነኝ። የምለያቸው «ደመወዝ አይገባውም» ከሚለው ተነሥተው «ስለዚህ ምንም አይገባውም» ወደሚለው ሲዘሉ ነው፤ በሁለቱ መካከል ሰፊ ገደል አለና። ተማሪው በግቢ ውስጥ ሳለ መንግሥት ያበላዋል፣ ያስተኛዋል፤ ለዚህም በወጪ መጋራት ደንብ ወደ ፊት ከገቢው ሊከፍል ፈርሟል። ትምህርቱ ከግቢ ወጥቶ ወደ ወረዳ ሲሄድ፣ እንጀራው ብቻ በግቢ ቀርቶ ትምህርቱ ለብቻው እንዲሄድ ያዘዘው ማን ነው?

የውጭውን ዓለም ልማድ ለሚጠይቅ ሰው፣ የአሜሪካ የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አንድ ተማሪ ለአንዱ ልምምድ ክሬዲትም ገንዘብም ባንድነት እንዳይቀበል ሲከለክል ኖሮ፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2016 ክልከላውን አንሥቶ ለየትምህርት ቤቱ ፈቃድ ተወው። የክልከላው ምክንያት ገንዘብ የከፈለ መሥሪያ ቤት ተማሪውን ከመምህሩ እጅ ወስዶ የራሱ ሠራተኛ ያደርገዋል የሚል ነበር፤ ይህ ፍርሃት ዛሬም ቢሆን ከንቱ አይመስለኝም። ፈረንሳዮች ከሁለት ወር የሚያልፍን ልምምድ ያለ ገንዘብ ማሠራትን በሕግ ከልክለዋል። ጀርመኖች ደግሞ ከመጀመሪያው የመንግሥት ፈተና በኋላ ያለውን የሁለት ዓመት ልምምድ፣ በዐቃቤ ሕግ ቤት የሚያልፈውን ጊዜ ጨምሮ፣ በመንግሥት መተዳደሪያ አበል ያስኬዱታል፤ ተለማማጁም በትንሹ ችሎት የዐቃቤ ሕግን ካባ ለብሶ ይቆማል። የእነርሱን ሀብት የእኛ ወረዳ የለውም፤ ይህን አውቄ ነው የምጠቅሰው።

ሁለተኛው ወገን፣ ይልቁንም ከወጣቶቹ መካከል፣ ሙሉ ደመወዝ ይከፈለን የሚል ነው። ለእነዚህ የምመልሰው አጭር ነው። የማተሚያ ወረቀት ሲያልቅበት ከጎረቤት ጽሕፈት ቤት የሚበደር የወረዳ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ለተለማማጅ ደመወዝ ክፈል ቢባል የሚያደርገው ነገር ቢኖር «ተማሪ አልቀበልም» ብሎ ደጁን መዝጋት ነው፤ ደጁ ሲዘጋም የሚገባው የኃላፊው ወንድም ልጅ ብቻ ይሆናል። ደግሞም ደመወዝ የሚከፍል ጌታ ሥራ ይጠይቃል፤ ሥራ የተጠየቀ ተማሪ ለመሳሳት ነጻነት የለውም፤ ሳይሳሳት የተማረ ደግሞ ከየትም አገር አልሰማሁም። ነጻ አገልግሎት ትሕትናን ያስተምራል የሚሉ ሦስተኛ ወገኖችም አሉ፤ ርኃብ ትሕትናን ሲያስተምር ግን እኔ አላየሁም።

ዕዳው የማን ነው?

ስለዚህ ዕዳው የወረዳው ሳይሆን የላኪው ነው ብዬ እፈርዳለሁ። ዩኒቨርሲቲው በግቢ ለተማሪው የሚያወጣው የዕለት ምግብ በጀት፣ ተማሪው በልምምድ በቆየበት ዘመን ሁሉ ወደ ሄደበት ይከተለው፤ ለመኝታውና ለመንገዱም በመጠኑ ይታከልበት። ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲውን በ1956 ዓ.ም. ከከፈተ ከአንድ ዓመት በኋላ ያቋቋመው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፣ ተማሪዎችን ለአንድ ሙሉ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች፣ አብዛኞቹንም በመምህርነት፣ ሲልክ ለኑሯቸው የሚሆን አበል ሰጥቶ ነበር። ያን ጊዜ የነበረው የመንግሥት ሣጥን ከዛሬው ይሰፋ ነበር የሚል ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ዛሬም ቢሆን ገንዘቡ ጨርሶ የለም ማለት አይቻልም፤ ተማሪውን ሊጎበኝ ከግቢ ወደ ወረዳ የሚወጣው አማካሪ መምህር፣ እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ፣ የውሎ አበል አለው፤ የሚጎበኘው ተማሪ ግን የለውም። ጎብኚው በልቶ ተጎብኚው የሚጾምበት ጉዞ ከትምህርት ሥርዓት ይልቅ የሚመስለው ከሹም ግብዣ ጋር ነው።

አበሉ ከተሰጠ ግዴታው አብሮ ይምጣ። ዘመድ ያለበትን ወረዳ የመምረጥ መብቱ ይቀርበታል፤ የደብረ ኤልያሱ ልጅ ወደ ቢቸና፣ የቢቸናው ወደ ደጀን ይሂድ፤ መዝገብ ከመንካቱም በፊት ምሥጢር ላለማውጣት ይማል። ዐቃቤ ሕጉም ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለነገራ ይቀመጥለት፤ ተማሪው ያረቀቀውን ክስ አንብቦ ይስማ፣ የጎደለውን ቤት ይንገረው። ለዚህ ሰዓት የሌለው ጽሕፈት ቤት ተማሪ ባይላክለት ይሻላል፤ የሚማርበት ነገር የለምና። ከሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በደረሰው የግጭት መከራ ምክንያት በብዙ ወረዳ የፍርድና የፍትሕ ሥራ እየተቋረጠ፣ መንገዱም እየተዘጋ መኖሩን አልዘነጋሁም፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ተማሪን ወደማይደርስበት ሥፍራ ከመላክ ይልቅ በደብረ ማርቆስ ወይም በሌላ ሰላም ባለው ከተማ በተዘጉ መዝገቦች ላይ ማለማመድ የተሻለ ነው። ግን የችግሩ ዘመን አበሉን ለማስቀረት ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ የእንጀራ ዋጋ በችግር ዘመን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

የሕግ ተማሪዎች የመውጫ ፈተናን ከሌሎቹ ቀድመው የጀመሩ ናቸው፤ ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ለሌሎቹ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሲዳረስ እነርሱ ለምደውት ነበር። በትምህርት መፈተንን አስቀድመው ከተቀበሉ፣ በጠኔ መፈተንን እንዲተዉ የሚያደርግ አንድ ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን እጠብቃለሁ። ባለፉት ዓመታት አንዳንድ የመሸኛ ደብዳቤዎች እጄ ገብተው አንብቤአለሁ፤ የተማሪውን ስም ይናገራሉ፣ የመታወቂያውን ቍጥር ይናገራሉ፣ የሚጀምርበትንና የሚጨርስበትን ቀን ይናገራሉ፤ «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግለት» የሚልም አለባቸው። የት እንደሚያድርና ምን እንደሚበላ ግን በአንዳቸውም ላይ አልተጻፈም።